የገና ተርኪ በብልቱ

ታኅሣሥ 28 ማታ ነጠላዬን ለብሼ ከቤት ስወጣ ፍሪጄ ውስጥ የተሠራ ወጥ አለ። አንድ ጊዜ እንኳ አልቀመስኩትም። ጾም ነዋ። ጨዉ ልክ ይሁን አይሁን የማውቀው በማንኪያና በሚዛን ብቻ ነው። ሥጋው መብሰሉን የሚነግረኝ ደግሞ ቴርሞሜትር ነው። ተርኪ በሚባለው ትልቅ ወፍ ላይ የደረስኩበት ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። መቅመስ ስለማልችል መለካት ለመድኩ፤ መለካት ስለለመድኩ ደግሞ ተርኪዬ መድረቁን አቆመ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ተርኪ እዚህ አገር የታንክስጊቪንግ፣ የምስጋና በዓላቸው፣ ምግብ ነው። ታንክስጊቪንግ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ይውላል። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ወይም 25 መሆኑ ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ይጋጫሉ። በ2023 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ታንክስጊቪንግ 23 ላይ ስለዋለ ጾሙ ከመግባቱ በፊት አለፈ። በ2024 ግን 28 ላይ ዋለ፤ ጾሙ ከገባ አምስተኛው ቀን ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት እኛ ቤት ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ፎሶልያ ይቀርባል፣ ልጆቼ ከጎኑ ክራንቤሪ ያስቀምጣሉ፣ ምስጋናውም ይደርሳል። ተርኪው ለገና ይቆያል። ሱፐርማርኬቶች ዋጋውን በጣም የሚያወርዱት በዚያው በታንክስጊቪንግ ሰሞን ስለሆነ ያኔ በረዶ የሆነውን ገዝቼ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ጃንዋሪ 7 ድረስ ምንም አይሆንም።

መጀመሪያ የሠራሁት ተርኪ በ2009 ነበር። ሙሉውን ኦቨን ከተትኩት። ደረቱ ላይ የተሰካች ትንሽ የፕላስቲክ ቁልፍ ነበረች፤ ስትደርስ ብቅ ትላለች ተባልኩ። ጠበቅኩ። ብቅ ስትል አወጣሁት። ቆዳው ያምር ነበር። ደረቱ ግን በውሃ ካልሆነ አይዋጥም። እንግዶቼ ጨዋ ስለሆኑ በሉት። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩት። ያቺ ቁልፍ ብቅ የምትለው ደረቱ ካለፈበት በኋላ መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ከዚያ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ማድቤት ሥራ ገባሁ። 11 ዓመት ሠራሁ። እዚያ የበሰለ ነገር ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ቴርሞሜትር ይሰካበታል፣ ቁጥሩም ይጻፋል። በዓይን ወይም በግምት የሚባል ነገር የለም። የተርኪ ነገር የገባኝ እዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተርኪ አንድ ወፍ ይምሰል እንጂ ሁለት ዓይነት ሥጋ ነው። ደረቱ ለስላሳ ነው፣ ስቡም ጅማቱም ጥቂት ነው። 165 ዲግሪ ፋራናይት ሲደርስ በስሏል፤ በሴንቲግሬድ 74 ነው። ከዚያ ባለፈ ቁጥር ውሃው እየተጨመቀ ይወጣል። እግሩ ደግሞ ሲሮጥበት የኖረ ሥጋ ነው። ጅማት አለው። 165 ላይ ቢበላ ጤና አይጎዳም፣ ግን ይጎተታል፣ አጥንቱ አካባቢም ቀላ ይላል። እግሩ የሚጥመው 180 አካባቢ ጅማቱ ሲሟሟ ነው። ሙሉውን ወፍ ኦቨን ስትከቱ እንግዲህ ምርጫ ውስጥ ገባችሁ። እግሩን ስትጠብቁ ደረቱ ይደርቃል፤ ለደረቱ ስትሉ ካወጣችሁት እግሩ ገና ነው።

የዚህን መልስ የእኛ እናቶች ከጥንት ያውቁታል። ዶሮን ማን ሙሉውን ይሠራል? በብልቱ ይወጣል እንጂ። 12 ብልት ማውጣት የሚችል እጅ ተርኪ አያቅተውም። ተርኪውን በጥሬው ገነጣጥሉት። እግሩን ወጥ ሥሩት። ደረቱን ከነአጥንቱ ጥበሱት። ጀርባውንና አንገቱን ለመረቅ አድርጉት። እኔ ከ2013 ጀምሮ ሌላ መንገድ አልሞከርኩም፤ የመሞከር ፍላጎትም የለኝም።

የምገዛው 14 ፓውንድ፣ ማለትም 6 ኪሎ ከ350 ግራም ገደማ የሆነውን ነው። ከዚያ የሚበልጠው ፍሪጅ ውስጥ አይመቸኝም። ስትገዙ ማሸጊያው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ብዙዎቹ ፋብሪካ ውስጥ የጨው ውሃ ተወግተው ነው የሚመጡት፤ ስንት ከመቶ እንደተጨመረም ተጽፏል። እንደዚህ ያለ ከሆነ ከዚህ በታች የምነግራችሁን ጨው በግማሽ ቀንሱ። ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሥርዓት የተዘጋጀ፣ የሚል የተጻፈበትም ቀድሞ ጨው የነካው ነው። እንደ እኔ ሳትቀምሱ የምትሠሩ ከሆነ ይህቺን ጽሑፍ መዝለል ገበታውን ሙሉ ያበላሻል።

በረዶውን ማሟሟቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ለየ4 እና 5 ፓውንዱ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። የእኔው 14 ፓውንድ ከሦስት ቀን በላይ ይወስዳል። ጃንዋሪ 1 ማታ ከፍሪዘር አውጥቼ ፍሪጁ የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ትሪ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የሚንጠባጠበው ሌላ ምግብ ላይ እንዳይወርድ ነው። ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ ማሳደር አይሆንም፤ ውስጡ በረዶ ሆኖ ሳለ ውጪው ይሞቃል፣ ባክቴሪያም ይራባል። ቀኑ ካመለጣችሁ በደንብ በታሸገ ላስቲክ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከሩት፣ በየ30 ደቂቃው ውሃውን ቀይሩ። ለአንድ ፓውንድ ግማሽ ሰዓት አስቡ። ሰባት ሰዓት መሆኑ ነው። እንዲህ የሟሟ ደግሞ ወዲያው መብሰል አለበት፤ ለሁለት ቀን ጨው ማሳደሩ ይቀርባችኋል።

ጃንዋሪ 5 ማታ ብልት ይወጣል። መጀመሪያ ሆዱ ውስጥ እጃችሁን ክተቱ። አንገቱና በወረቀት የተጠቀለለው የሆድ ዕቃ እዚያ ነው፣ አንዳንዴም በአንገቱ በኩል ይደበቃል። አውጡት። ከዚያ በጀርባው አስተኙት። እግሩንና ደረቱን የሚያያይዘውን ቆዳ ሰንጥቁ፣ እግሩን ወደ ውጪ ገንጥሉት፣ መጋጠሚያው ቀጭ ብሎ ይወጣል። ቢላው መሄድ ያለበት በዚያ መጋጠሚያ ላይ ነው። አጥንት ከቆረጣችሁ ቦታውን ስታችኋል፤ ትንሽ ወዲህ ወዲያ በሉ። ሁለተኛው እግር እንደዚሁ። ክንፎቹን ከትከሻ መጋጠሚያቸው አውጡ። ቀጥሎ ጠንካራ የማድቤት መቀስ ያዙና በጎድኑ ሁለት ወገን እየቆረጣችሁ ጀርባውን ከደረቱ ለዩት። ይህ ጉልበት ይጠይቃል። የቀረው ከነአጥንቱ ያለ ሰፊ ደረት ነው። እግሩን ደግሞ ጉልበቱ ላይ ቆርጣችሁ ታፋውንና ቅልጥሙን ለዩ፤ አራት ብልት ይሆናል። ሁሉ ነገር 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የወጡን ብልቶች ቆዳቸውን እገፋለሁ፣ ልክ እንደ ዶሮ። የቅልጥሙ ቆዳ ስለሚያዳልጥ በወረቀት ፎጣ ይዞ መጎተት ነው። የደረቱ ቆዳ ግን አይነካ። ደረቱን ከኦቨኑ ሙቀት የሚጠብቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ ማጠቡ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም በየቤቱ ያጣላል። እማዬ በ2018 ከደብረ ብርሃን መጥታ ከእኔ ጋር ገናን ስታሳልፍ ተርኪውን ሳይታጠብ ጨው ስነሰንስበት አየች። «ሳይታጠብ? አንቺ ልጅ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አለች። እሷ ዶሮን በሎሚና በጨው ውሃው ጥርት እስኪል ሰባት ስምንት ጊዜ የምታጥብ ሴት ናት። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ደግሞ ጥሬ ዶሮና ተርኪ አትጠቡ ይላል። ውሃው ሲረጭ ባክቴሪያውን ገንዳው ላይ፣ ሳህኑ ላይ፣ ሰላጣው ላይ ይበትነዋል። የሚገድለው ሙቀት እንጂ ውሃ አይደለም። ሁለቱም ወገን ስለ ንጽሕና ነው የሚጨነቀው። እኔና እማዬ በዚህ ተስማማን። ደረቱ አይታጠብም፤ የረጠበ ቆዳ አይጠበስም፣ በእንፋሎት ይቀቀላል እንጂ። በወረቀት ፎጣ ጥርግ ተደርጎ ይደርቃል። ለወጥ የሚሆኑት አራቱ ብልቶች ግን በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ፣ ቧንቧ ሳይከፈትባቸው፣ በሎሚና በጨው ቀስ ተብለው ይታሻሉ፣ ለቅለቅ ይደረጋሉ፣ ይደርቃሉ። ወዲያው ገንዳውና ጠረጴዛው በሳሙና ከዚያም በውሃ በተበረዘ በረኪና ይጸዳል። እማዬ ረካች። እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያው አደርጋለሁ።

ጨዉ። ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለደረቱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደቃቅ ጨው፣ 18 ግራም ያህል። ለአራቱ ብልቶች አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ 9 ግራም ያህል። ማንኪያው ለጥ ያለ ይሁን፣ ክምር አይደለም። ደረቱ ላይ ግማሹን ከቆዳው ሥር፣ ሥጋው ላይ እሹት። ጣታችሁን በቆዳውና በሥጋው መካከል ቀስ አድርጋችሁ ስታስገቡ በቀላሉ ይላቀቃል፣ እንዳይቀደድ ብቻ ተጠንቀቁ። የቀረውን በቆዳው ላይና በአጥንቱ በኩል ነስንሱ። ከዚያ ደረቱን ሽቦ ላይ፣ ሥሩ ትሪ አድርጋችሁ፣ ሳትሸፍኑት ፍሪጅ ክተቱት። ብልቶቹ ተሸፍነው ይደሩ።

መጀመሪያ ጨዉ ውሃውን ከሥጋው ያወጣዋል። ጠዋት ብታዩት ላብ ያላበው ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ይደነግጣል። ቆዩ። ያ ውሃ ጨዉን አሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። የገባው ጨው ሥጋውን ያላላዋል፣ እሳት ሲነካውም ውሃውን ይዞ እንዲቆይ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት ሌሊት የሚያስፈልገው። ኦቨን ሊገባ ሲል የተነሰነሰ ጨው ቆዳው ላይ ብቻ ይቀራል። ሳይሸፈን ማደሩ ደግሞ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ የደረቀ ቆዳ ነው ቀልቶ የሚንኮሻኮሸው።

ጃንዋሪ 6 ጠዋት መረቁን እጥዳለሁ። ጀርባውን፣ ክንፎቹንና አንገቱን ኦቨን ውስጥ ቡናማ እስኪሆኑ ጠበስ አድርጌ ከአንድ ሽንኩርትና ከአንድ ካሮት ጋር ሦስት ሰዓት ቀስ ብሎ እንዲንተከተክ እተወዋለሁ። ጨው አይገባበትም። ይጠለላል። ከዚህ መረቅ ግማሹ ለወጡ፣ ግማሹ ለልጆቹ ግሬቪ፣ በዱቄት ለሚወፍረው ስጎ፣ ነው።

ከዚያ ቁሌት። ለአራቱ ብልት 3 ፓውንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ኪሎ ከ350 ግራም ያህል፣ ደቆ የተከተፈ። በማሽን የምትፈጩ ከሆነ ንክት ንክት እያደረጋችሁ አቁሙ፣ ውሃ ከሆነ አይቁላላም። በከባድ ድስት ያለ ዘይት 45 ደቂቃ ያህል፣ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ ጣል እያደረጋችሁ፣ ቡናማ እስኪሆን። ግማሽ ኩባያ ዘይት ጨምሩና 15 ደቂቃ። ቀጥሎ 9 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። አሁን ቆም በሉና በርበሬያችሁ ከምን እንደተሠራ አስቡ። ከአገር ቤት የሚመጣው በርበሬ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ጨው ይገባበታል። እናታችሁን ወይም የላከላችሁን ሰው ጠይቁ። እኔ ብልቶቹ ጨው ስለበሉ፣ በርበሬዬም ጨው ስላለው፣ ቁሌቱ ላይ ምንም ጨው አልጨምርም። የጎደለ ጨው ከቅዳሴ መልስ ይጨመራል። የበዛ ጨው ግን መድኃኒት የለውም።

በርበሬው 30 ደቂቃ፣ ከፈለገም በላይ፣ በሞቀ መረቅ በጭልፋ እየረጠበ ይቁላላ። ጥሬ ሽታው መጥፋት አለበት። በሽታው ነው የማውቀው፤ አፍንጫ አይጾምም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ከዚያ አራት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ። ብልቶቹን ጨምሩ፣ 10 ደቂቃ አገላብጡ። ሦስት ኩባያ መረቅ አፍስሱ፣ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑና ከነድስቱ 300 ዲግሪ፣ በሴንቲግሬድ 150 ገደማ ኦቨን ውስጥ ለሁለት ሰዓት ክተቱ። ምድጃ ላይም ይሆናል። ኦቨኑን የምመርጠው እሳቱ ከዙሪያ እኩል ስለሚመጣ ድስቱ ሥር አይዝም፣ እኔም እንቁላል እቀቅላለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ።

የተርኪ ቅልጥም ውስጥ ክር የመሰሉ ጠንካራ ጅማቶች አሉ፤ እንደ ስንጥር የጠነከሩ። በጥብስ ከሆነ ሲበላ ያስቸግራሉ። ወጥ ውስጥ ሁለት ሰዓት ከቆዩ በኋላ ግን ጫፋቸውን ይዛችሁ ስትስቡ ሹልክ ብለው ይወጣሉ። ልጆች ካሉ ይህን ሥራ አትዝለሉ። በመጨረሻ አንድ የሻይ ማንኪያ መከለሻ፣ የተቀቀለው እንቁላል፣ በቃ።

ወጡ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይወርዳል። እዚህ ላይ የድሮ ሥራዬ ልማድ ይመጣል። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የምመለሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሙሉ ድስት ወጥ ያን ያህል ሰዓት ምድጃ ላይ ለብ እንዳለ መቆየት የለበትም። የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ ነው ሕጉ። በሦስት ሰፋፊ ትሪዎች ቀጠን አድርጌ እዘረጋዋለሁ፣ በረድ ሲል ፍሪጅ። ስንመለስ አንዱን ትሪ ወደ ድስት ገልብጬ እስኪፈላ አሞቀዋለሁ። ያኔ ነው የምቀምሰው። ከአርባ ቀን በላይ ጾም በኋላ የመጀመሪያዋ ጉርሻ ያቺ ናት። ጨው ካነሰ እጨምራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አያንስም። ልጆቹ ተኝተዋል፤ እኔና ባለቤቴ ማድቤት ውስጥ ቆመን፣ ነጠላችንን እንኳ ሳናወልቅ እንፈስካለን። ታፋው ከአጥንቱ ልቅቅ ብሎ ይመጣል።

ደረቱ ለማታ ነው። ገና እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው፤ ቤተሰቡ የሚሰበሰበው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እጀምራለሁ።

ቅቤውን መጀመሪያ አዘጋጁ። አምስት የሾርባ ማንኪያ የለሰለሰ ንጥር ቅቤ፣ አራት ፍሬ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ የጥብስ ቅጠል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ። ጨው የለም፤ ሥጋው በልቷል። አሜሪካኖች ተርኪ ላይ የሚያደርጓቸው ሮዝመሪና ታይም የሚባሉት ቅጠሎች ሌላ አይደሉም፣ አንዱ የጥብስ ቅጠላችን ነው፣ ሌላው የጦስኝ ዘመድ። ይህን ሳውቅ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ጦስኙን እማዬ ናት ያመጣችልኝ፤ በእኛ በኩል ደጋው ላይ በብዛት ይበቅላል፣ ለሻይ እንጠጣዋለን። ሽታው እዚህ ከሚሸጠው ይበረታል፣ ስለዚህ አታብዙት።

ይህን ቅቤ በሙሉ ከቆዳው ሥር፣ ሥጋው ላይ ቀቡት። ሥጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ቅቤው ይረጋባችኋል፤ ከላይ በቆዳው በኩል በመዳፋችሁ እየገፋችሁ አዳርሱት። ቆዳው ላይ ከላይ ምንም ያልገባበት አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻ። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ በርበሬ ቆዳው ላይ እንዳይወጣ። አንድ ዓመት በርበሬ ቀብቼው ነበር፤ ጠቆረ፣ መረረ፣ ቆዳውን መጣል ነበረብኝ። ንጥር ቅቤ ከተራ ቅቤ የሚሻለው ውሃውና አሬራው ስለወጣለት ነው። ተራ ቅቤ ውሃ አለው፣ ቆዳውን ያረጥበዋል፣ ውስጡ ያለው ወተትም ቶሎ ያርራል።

ኦቨኑን 425 ላይ አሙቁ፣ 220 ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። የመጥበሻው ትሪ ላይ በትልልቁ የተቆረጠ ሽንኩርትና ካሮት አንጥፉ፣ ሁለት ኩባያ ውሃ አፍስሱ፣ ደረቱን ቆዳው ወደ ላይ ሆኖ በሽቦው ላይ አስቀምጡ። ውሃው የሚንጠባጠበው ስብ እንዳይጨስ ነው። አፓርታማ የምትኖሩ የጭስ ማንቂያውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። 25 ደቂቃ በዚህ ሙቀት ይቆይ፣ ቆዳው ቀለም ይያዝ። ከዚያ ወደ 325 አውርዱት፣ 165 ሴንቲግሬድ ያህል። ኦቨኑን በየደቂቃው ከፍታችሁ ስብ አታፍስሱበት። ቆዳው ይለሰልሳል፣ ሙቀቱ ያመልጣል፣ ሥጋው ውስጥም የሚገባ ነገር የለም።

ከጀመረ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲሆን ቴርሞሜትሩን ስኩ። በጣም ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ እስከ መሐሉ፣ አጥንት ሳይነካ። አጥንት ከነካ ሌላ ቁጥር ያሳያችኋል። ሁለቱንም ወገን ለኩ። ቴርሞሜትራችሁን የማታምኑ ከሆነ በረዶ ከሞላበት ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ 32 ካላሳየ ቀይሩት። ርካሽ ዕቃ ነው፣ 15 ዶላር ቢሆን ነው። ተርኪ ለመሥራት አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብባል ይህን ነው የምላችሁ። በእኔ ኦቨን ደረቱ በጠቅላላው አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የእናንተ ሊለይ ይችላል። ሰዓቱን ለመገመት ብቻ ተጠቀሙበት፣ የሚወስነው ቁጥሩ ነው።

160 ሲል አወጣዋለሁ። ፎይል ላላ አድርጌ ጣል አደርግበታለሁ። ግጥም ተደርጎ ከተሸፈነ ቆዳው በእንፋሎት ይረጥባል። በ30 ደቂቃ ዕረፍት ውስጥ የውጪው ሙቀት ወደ መሐል ይገባና ቁጥሩ ራሱ ወደ 165 ይወጣል። ቴርሞሜትሩን እንደገና ሰክቼ 165 መድረሱን አያለሁ። ካልደረሰ ለአምስት ደቂቃ ይመለሳል። ይህን ዕረፍት እንግዳ ቢጠብቅም አታሳጥሩት። ትኩሱን ከቆረጣችሁት ውሃው ሁሉ ጣውላው ላይ ይቀራል።

እስከዚያ ግሬቪው ይደርሳል። አራት የሾርባ ማንኪያ የትሪው ስብ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ ትንሽ ቆላ፣ ከዚያ አራት ኩባያ የሞቀ መረቅ እያማሰሉ። አሁን መቅመስ ስለሚቻል ጨዉን እንደፈለጋችሁ።

አቆራረጡም ለውጥ ያመጣል። ደረቱን ከላይ ወደ ታች በቁመቱ እየሸረፋችሁ አታውጡ፤ ጭረቱ ረጅም ይሆንና የደረቀ ይመስላል። መሐል ያለውን አጥንት ተከትላችሁ ቢላውን አውርዱ፣ ከጎድኑ እየላጣችሁ ግማሹን ደረት እንዳለ አውጡት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ከዚያ ጣውላው ላይ አጋድማችሁ ጭረቱን አቋርጡት፤ የጣት ግማሽ ውፍረት ይበቃል። እያንዳንዱ ቁራጭ ጫፉ ላይ ከቆዳው ይደርሰዋል። እኛ ቤት በትልቅ ትሪ ላይ ደረቱ በአንድ ወገን፣ ወጡ በጎድጓዳ ሳህን መሐል፣ እንጀራው ዙሪያውን ይሆናል። ሙሉ ወፍ ገበታ ላይ ማየት የለመደ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ መጀመሪያ ግራ ገብቶት ነበር። አሁን በየዓመቱ ታፋውን ነው የሚጠይቀው፣ በእንጀራ።

የተረፈውን በተመለከተ ቀን መቁጠሪያውን አስቀድማችሁ እዩ። ገና ራሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይበላል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ግን ጾም ናቸው። በ2025 ገና ማክሰኞ ዋለ፣ ማግስቱ ረቡዕ ነበር። ስለዚህ እንግዶቹ ሲሄዱ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ የተረፈውን ደረት ቆራርጬ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ ደረደርኩት፣ ቀዝቃዛ መረቅ አፈሰስኩበት፣ ግማሹን ፍሪጅ፣ ግማሹን ፍሪዘር ከተትኩ። መረቁ ውስጥ ካልተነከረ ደረት ፍሪጅ ውስጥም ይደርቃል። ሐሙስ ጠዋት የቀረችውን ቁሌት በዝግታ እሳት ከአንድ ጭልፋ መረቅ ጋር አሞቅኩ፣ ደረቱን በእጄ ሸርፌ ጨመርኩ፣ ሞቅ ሲል እንጀራ ቆራርሼ ፈተፈትኩት። የልጆቹ ምሳ ዕቃ ውስጥም ገባ።